የጥርስ ሕክምና ትምህርት እውቅና ምንድን ነው?

«ዩኒቨርሲቲዬ እውቅና ያለው ነው፤ ስለዚህ አሜሪካ ገብቼ ፈተናውን ካለፍኩ በጥርስ ሐኪምነት እሠራለሁ።» ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሰሞኑን ግን አንድ ወንድማችን በልበ ሙሉነት ጽፎት፣ ስንቱ ሰው «በርታ!» እያለ ሲመርቀው አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተጨፍልቀዋል፦ እውቅና፣ ፈተናና የሥራ ፈቃድ።

እውቅና ማለት አንድ ትምህርት መስፈርቱን ማሟላቱ ተገምግሞ ሲመሰከርለት ነው፤ የሚሰጠውም ለፕሮግራም ነው። ለሰው አይደለም። ለዩኒቨርሲቲው ስምም አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ትምህርትን የሚመዝነው ኮሚሽን ባጭሩ ኮዳ ይባላል። የተቋቋመው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴርም እውቅና ሰጪነቱን ተቀብሎታል። ዩኒቨርሲቲውን በጥቅሉ ማየት የሌላ አካል ሥራ ነው። ኮዳ የጥርስ ሐኪሞቹን ፕሮግራም ለብቻው፣ የሃይጂኒስቶቹን (ጥርስ የሚያጸዱት ባለሙያዎች) ለብቻው፣ የኦርቶዶንቲክስ (የተጣመመ ጥርስ ማቃናት) ስፔሻሊቲውንም ለብቻው ያያል። በአንድ ግቢ አንዱ እውቅና ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል።

የመኪና ቦሎን አስቡት። ባለንብረቱ አምስት ሚኒባስ ቢኖሩት የአንዱ ቦሎ ለአራቱ አይሠራም። ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ላይ የተቀመጠ ሁሉ ደግሞ ሹፌር አይደለም፤ ለእሱ መንጃ ፈቃድ አለ፣ የሚሰጠውም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጥርስ ሐኪም «መንጃ ፈቃድ» የሚሰጠው የየስቴቱ ቦርድ ነው። ቦርዱ ታዲያ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የተማርክበት መኪና የኮዳ ቦሎ ነበረው ወይ?» ብሎ ነው።

ወንድማችን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ ከኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ይኑረው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የኮዳ ቦሎ አይደለም። ፈተናውንም ቢሆን ውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም ማስረጃውን አስገምግሞ ሊቀመጥበት ይችላል። ማለፉ ብቻውን ግን በሩን አይከፍትለትም። የተለመደው መንገድ ኮዳ እውቅና የሰጠው ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መማር ነው። ካናዳ እውቅና ባለው ፕሮግራም የተማረ ግን ይህ ጣጣ የለበትም፤ የሁለቱ አገሮች አካላት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ የሌላውን እውቅና ይቀበላል።

«ታዲያ እኛን ናቁን ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ኮሚሽኑ አዲስ አበባ የተማረ ሐኪም እጁ ደካማ ነው አላለም። ያልመረመረውን መኪና ጥሩ ነውም መጥፎ ነውም አይልም። አላየውም፣ በቃ። እርግጥ ሁሉም ስቴት አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሚኒሶታ ለምሳሌ ኮዳ እውቅና ካልሰጠው ትምህርት ቤት ለመጣ ሐኪም፣ በሌላ ሐኪም ቁጥጥር ሥር የሚሠራበት ውስን ፈቃድ በሕጉ አለው። ስለዚህ «በጭራሽ አይሆንም» የሚለውም ተሳስቷል።

የቦሎው ምሳሌ ግን እስከ መጨረሻው አይነዳም። ቦሎ ልታወጣ ስትሄድ ማንም «ስለ ፍሬንህ ራስህ ጽፈህ አምጣ» አይልህም። ኮዳ ይላል። የኮዳ ገምጋሚ ቡድን ከመምጣቱ በፊት ትምህርት ቤቱ ራሱን ይገመግማል፤ እያንዳንዱን መስፈርት በማስረጃ እየደገፈ ወፍራም ሰነድ ያዘጋጃል። ከዚያ የሙያው ሰዎች ራሳቸው መጥተው ክሊኒኩን ያያሉ፣ መምህሩንም ተማሪውንም ያነጋግራሉ፣ የታካሚ መዝገብ ያገላብጣሉ። ይህ በመደበኛው በየሰባት ዓመቱ ነው። ለአፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ግን በየአምስት ዓመቱ።

የሚመዝኑትስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሕንጻና ማሽን ይመስለዋል። እኔ በጣም የምወደውን አንዱን መስፈርት ልንገራችሁ። ተማሪ ለመመረቅ የሚጠየቀው የሥራ ብዛት፣ ታካሚው የሚያገኘውን የተሟላ ሕክምና መጉዳት የለበትም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ለመመረቅ አንድ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሽፋን) መሥራት ጎድሎታል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እናት ደግሞ ድዳቸው እየደማ ነው፤ መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ነው። ያልተጠነቀቀ ትምህርት ቤት ተማሪው ቶሎ ክራውኑን ሠርቶ ቁጥሩን እንዲሞላ፣ ድዱ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ገምጋሚው የሕክምና ዕቅዱንና የተሠራውን ሥራ ቅደም ተከተል ሲያይ ይህ ይወጣል። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስለ ሕንጻው ግን ስንቱ ያወራል።

ሌላው የሚያናድደኝ ወሬ፦ «ያ ትምህርት ቤት ሪፖርት አቅርብ ተብሏል፤ ሊዘጋ ነው።» ኧረ ተዉ! እውቅና ሁለት መልክ አለው፤ ሪፖርት የማይጠየቅበትና የሚጠየቅበት። ሁለቱም እውቅና ናቸው። ሁለተኛው «እነዚህን ጉድለቶች አስተካክልና አሳየኝ» ማለት ነው፤ ቀነ ገደብም ይቆረጥለታል። በጊዜው ካላስተካከለ ያኔ እውቅናውን ሊያጣ ይችላል። በዚህ መሃል ያለ ተማሪ የተማረው እውቅና ባለው ፕሮግራም ነው።

ለአዲስ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የመጀመሪያ እውቅና የሚባልም አለ። ገና በሙሉ አቅሙ ሥራ ስላልጀመረ ሙሉውን ማግኘት አይችልም፤ የተሰጠው ግን ዕቅዱ፣ መምህራኑና አቅሙ ታይቶ ነው። «ሙሉ የለውም» ብላችሁ ከመሸሻችሁ በፊት የኮዳን ዝርዝር ከፍታችሁ የፕሮግራሙን ስም ፈልጉ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አይደለም፤ የፕሮግራሙን። አገር ቤት ለምትማሩም ይኸው ነው፤ እዚያም ፈቃዱ የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ስለሆነ፣ ኮሌጁ በነርሲንግ የተፈቀደለት መሆኑ ስለ ጥርስ ሕክምናው ምንም አይነግራችሁም።