ቤት ለእንቦሳ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ሲጎበኝ እንግዳው ገና ከደጃፉ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል። ባለቤቱም ተቀብሎ «እንቦሳ እሰሩ!» ይላል። ከዚያ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሳድግ ይህን ምርቃት ሰዎች ሲለዋወጡ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። ቃሉ ዘልቆ የገባኝ ግን አንድ ምሰሶ ካየሁ በኋላ ነው።

ምሰሶው የሚገኘው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ አክስቴ በምትኖርበት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ጣራው ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ ቀድሞ ሣር ነበር። ከመሐል ምሰሶው እግር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ እንጨቱ ዙሪያውን ሰርጎድ ብሏል። ጣት ሲያርፍበት ልስልስ ነው፣ ቅቤ እንደጠጣ ያብረቀርቃል። እኔ ምስጥ የበላው መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን «የጥጃ ገመድ ነው የበላው» አለችኝ። «እናቴም፣ የእናቴም እናት እዚህ ነበር የሚያስሩት።»

እንቦሳ፣ አንዳንዱ እምቦሳ ብሎ የሚጽፈው፣ ገና የተወለደ ጥጃ ነው። ላም ለሚያልብ ቤተሰብ እንቦሳ ማለት ምን እንደሆነ ያልኖረበት ሰው በቀላሉ አይገምተውም። የአገራችን ላም ጥጃዋ አፉን ጡቷ ላይ ካላሳረፈ ወተቷን አትለቅም። ስለዚህ ጥጃው ሌሊቱን ከእናቱ ተለይቶ ይታሰራል፤ አብሯት ካደረ ጠብቶ ይጨርሳል፣ ለአላቢዋም የሚተርፍ የለም። ጠዋት ይፈታል፣ ጥቂት ይጠባል፣ ወተቱ ሲወርድ ሳብ ተደርጎ እንደገና ይታሰራል፣ ከዚያ ላሟ ትታለባለች። የሚታሰረውም ውጭ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ በክረምት ብርድ፣ ጅብ በሚጮኽበት ሌሊት፣ የቀናት ዕድሜ ያለው ጥጃ ቦታው ከሰው ጋር፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ምሰሶው ሥር ነው።

«እንቦሳ እሰሩ» እንግዲህ ይህንን ነው የሚመኘው። ላማችሁ ትውለድ፣ ወተት ከቤታችሁ አይጥፋ፣ ምሰሶአችሁም ገመድ ይልመድ ማለት ነው። የምርቃቱን ምርጫ ልብ ብላችሁ እዩት። ጎተራችሁ ይሙላ ማለት ይቻል ነበር፤ ጥማድ በሬ ይኑራችሁ ማለትም ይቻል ነበር። የተመረጠው ግን እግሩ ገና የማይጸና፣ ለራሱ ሞግዚት የሚፈልግ ፍጥረት ነው። እንቦሳ ያለበት ቤት ላሟ በጋውን ተሻግራለች፣ ልጆቹ ወተት ያገኛሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሞፈር የሚጎትት በሬ ይኖራል። እበቱ እንኳን አይጣልም፤ ግድግዳውና ወለሉ የሚለቀለቀው በእርሱ ነው።

«ቤት ለእንቦሳ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ «ይሁን» የሚለው ተውጧል። እኔን የሚነካኝ ግን «ለ» የምትለዋ ፊደል ናት። ቤቱ ለሠራው ሰው ነው አላለችም። ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ወዳጅ ጎረቤቱ በደቦ ተሰብስቦ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ፣ ማገር ማግሮ ያቆመው ቤት፣ ከእነርሱ በኋላ ለሚወለደው ተሰጠ። መሽቶበት ማደሪያ የሚለምን መንገደኛ የሚናገረው «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቃልም እህቱ ነው፤ መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ነውና። በሁለቱም ቤቱ ከባለቤቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ለሚገባው ይታሰባል።

ይህን ምርቃት በከተማችን ታሪክ ላይ ሳስበው ልቤ ይነካል። መንቆረር ትባል የነበረችው መንደር በ1845 ዓ.ም. በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ተቆረቆረች። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሲሆኑ መናገሻቸው እዚሁ ነበር፤ የከተማዋም ስም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ሆነ። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ለረጅም ዘመን ገዙ። ጣሊያን መጣ፣ ሄደ፤ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በዚህችው ከተማ አልፈዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከቤተ መንግሥቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያሉት ሰፈሮች ጥጃቸውን ያስሩ ነበር።

ስለ ቅርስ ስናወራ የንጉሡን ቤተ መንግሥት እንጠራለን፤ ተገቢም ነው። የሰፈሩ ቤቶች ግን ማንም ሳይቆጥራቸው እያለቁ ነው። አንዳንዶቹ ፈርሰው ቦታቸው ለፎቅ ይውላል። ሌሎቹን የሚያጠፋቸው ደግሞ ልናድናቸው ያደረግነው ነው። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን ጭቃው መተንፈሻ ያጣል፣ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ማገሩና ቋሚው ከማንም ዓይን ተሰውሮ ይበሰብሳል። ከዚያ ልስኑ በገበታ በገበታው ይረግፋል፣ ሰውም «ድሮም አርጅቶ ነበር» ይላል። የአክስቴን ቤት ግድግዳ የዛሬ ጥቂት ዓመት እንዲህ ስናደርገው አብሬ ነበርኩ። ሁለት ክረምት አልፎ በስተምዕራብ ያለው ግድግዳ ሲያብጥ ያየሁት ጊዜ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ጥቅምት ሲሚንቶውን ፍቀን አነሣን። የበሰበሱት ቋሚዎች በአዲስ ተተኩ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት እንዲብላላ ተደረገ፣ ምርጊቱም ተመረገ። ምሰሶውን ማንም አልነካውም። ሥራው ባለቀ ማግስት ጎረቤታችን፣ ሰማንያ የተሻገሩ እናት፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡ። ደፉን ሳይሻገሩ «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

አክስቴ ሳቀች። «እማማ፣ ይኸ እኮ የአያቴ ቤት ነው፤ መቼ አዲስ ሆነ?»

አሮጊቷ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ እርጥቡ ጭቃ እጃቸው ላይ ቀረ። መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩአትና መልሷን ቆመው ጠበቁ።

«እንቦሳ እሰሩ፣ እማማ» አለች አክስቴ፤ ያን ጊዜ ገቡ።