የሚሰበሰብ ሰንጢ፦ መለያውና የዋጋ ግምቱ

አሮጌ ሰንጢ ዋጋ የሚያወጣው ስላረጀ ብቻ አይደለም። መቶ ዓመት የሞላው፣ ነገር ግን በመሳል ብዛት ስለቱ የመነመነ ሰንጢ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ተሠርቶ ካርቶኑ ውስጥ ሳይነካ ከኖረ ሰንጢ ባነሰ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ዋጋውን የሚወስኑት ሠሪው፣ የተሠራበት ዘመን፣ ሞዴሉ ከነእጀታው ዓይነት፣ እንዲሁም ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየቱ ናቸው፤ የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹን ሁሉ ይጫናል። ስለዚህ አሮጌ ሰንጢ እጁ የገባ ሰው፣ የያዘው ምን እንደሆነ ሳያውቅ መወልወልም ሆነ መሳል የለበትም። የተፋቀ ብረት አይመለስም።

ምርመራው የሚጀምረው ከስለቱ ሥር ነው። ይህ ያልተሳለው፣ ወደ እጀታው ገብቶ በምስማር የሚያዘው ክፍል ሲሆን የሠሪው ማኅተም በአብዛኛው የሚመታው እዚህ ላይ ነው። ከጀርባ ያለው ሞላ ስለቱን ሲከፈትም ሲዘጋም ወጥሮ ይይዘዋል። ከውስጥ በኩል ከናስ፣ ከብረት ወይም ከኒኬል ቅይጥ የተሠሩ ስስ ገበሮች አሉ። በገበሮቹ ላይ የእጀታው ልባስ ይለበጣል፣ በእጀታው ጫፍና ጫፍ ደግሞ ወፍራም የጫፍ ብረት ይቀመጣል። በልባሱ ላይ ትንሽ የብረት አርማ የተተከለ ከሆነ፣ አርማው ያለበት ጎን የፊት ጎን ይባላል። ርዝመቱ የሚለካው ሰንጢው ተዘግቶ ነው፤ ከፍቶ መለካት የተለመደ የጀማሪ ስህተት ነው።

ማኅተሙን ማንበብ

ማኅተም ለማንበብ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይበቃሉ። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ከሆነ ያረጀ ፊደል አይታይም፤ ዝቅ ተደርጎ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ይይዛል። ሁሉም ስለቶች ተከፍተው በሁለቱም ጎን መታየት አለባቸው፤ የሞዴሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከስሙ በስተጀርባ ነው።

ዘመን ለመለየት ከሁሉ ይበልጥ የሚመቹት በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ፣ ብራድፎርድ የተሠሩት ኬዝ የተባለው ፋብሪካ ሰንጢዎች ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1920 እስከ 1940 «ኬዝ ቴስትድ ኤክስ ኤክስ»፣ ከ1940 እስከ 1964 «ኬዝ ኤክስ ኤክስ» ይላሉ፤ ከ1965 እስከ 1969 «ዩ ኤስ ኤ» ተጨመረ። በ1970 ከማኅተሙ ሥር 10 ነጥቦች ተመቱ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየተቀነሰ በ1979 አንድ ብቻ ቀረ። በ1980 ቆጠራው ከ10 እንደገና ተጀመረ፣ ግን በስሙ ውስጥ ያለው ኤስ ፊደል የመብረቅ ቅርጽ ያለው ሹል ሆነ። እንግዲህ አራት ነጥብ ያለው ሰንጢ 1976ም 1986ም ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው የአንዲት ፊደል ቅርጽ ነው። ነጥብ ቆጥሮ ፊደሏን ሳያይ ዓመት የሚናገር ሻጭ አሥር ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

የዚሁ ፋብሪካ የሞዴል ቁጥርም ይነበባል። 6254 ሲል 6ቱ የእጀታው ዓይነት (አብዛኛውን ጊዜ አጥንት)፣ 2ቱ የስለቶቹ ብዛት፣ 54ቱ ትራፐር የሚባለው ቅርጽ ነው። 5254 ያው ቅርጽ በአጋዘን ቀንድ፣ 3254 በቢጫ ሰው ሠራሽ ልባስ ነው። የተመታው ቁጥር 5 ሆኖ እጀታው አጥንት ከሆነ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። ይሁን እንጂ 6 ቁጥር ሁልጊዜ አጥንት ማለት አይደለም፤ ዴልሪን የሚባለው ፕላስቲክም በዚሁ ቁጥር ወጥቷል።

ሌሎቹ ሠሪዎች ይህን ያህል ግልጽ አይደሉም። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የትውልድ አገሩ እንዲጻፍበት አስገድዷል፤ ስለዚህ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ መሠራቱን ያመለክታል። ቃሉ አለመኖሩ ግን ቀደምትነቱን አያረጋግጥም፣ ለሌላ ገበያ የተሠራም ሊሆን ይችላልና። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ስለቱን የሚቆልፈውን የሚዞር ቀለበት ያገኘው በ1955 ነው፤ በትልልቆቹ መጠኖች ላይ ቀለበቱ ከሌለ ሰንጢው ከዚያ በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ይህን ስም የያዘው የማይዝግ ብረት መጠቀም ከጀመረበት ከ1921 ወዲህ ነው። በስዊዝ ጦር የወታደር ሰንጢዎች ላይ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የተሠሩበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይመቱ ነበር። ላጊዮል የሚለው የፈረንሳይ ሰንጢ ስም ደግሞ ለረጅም ጊዜ የማንም ንብረት ስላልነበር፣ ስሙ ብቻውን የት እንደተሠራ አይናገርም። የአሜሪካው ሬሚንግተን የጥይት ቅርጽ አርማም ብቻውን ዘመኑን አይናገርም፤ የመጀመሪያዎቹ በ1920ዎቹ ቢወጡም ከ1982 ጀምሮ በድጋሚ ተሠርተዋል።

እጀታው

አጥንት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን የደም ሥር ቀዳዳዎች አሉት፤ ጥቁር ነጥብ ወይም አጭር ጭረት ይመስላሉ። ዴልሪን ምንም ቀዳዳ የለውም፣ የተቀረጹት ጎድጓዶችም በሁሉም ሰንጢ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። እውነተኛ የአጋዘን ቀንድ ጎንና ጎኑ ፈጽሞ አይመሳሰልም። የዝሆን ጥርስ በመስቀለኛ መንገድ የሚቆራረጡ ስስ መስመሮች ያሳያል፤ ሽያጩ ግን ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትና በየአገሩ ሕግ በእጅጉ የተገደበ ስለሆነ፣ ዕድሜውን የሚያረጋግጥ ሰነድ የሌለው ሰንጢ ገበያ ላይ ላይወጣ ይችላል።

ሴሉሎይድ የሚባለው ቀደምት ፕላስቲክ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ ሰው እጀታን በጋለ መርፌ ወግቶ ይመረምራል፤ ይህ መቼም መደረግ የለበትም። ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ሌላው ልባስም ቢሆን በወጋው ቀዳዳ ዋጋው ይቀንሳል። በአውራ ጣት አጥብቆ አሽቶ ማሞቅና ማሽተት በቂ ነው፤ ሴሉሎይድ የካምፎር ሽታ ይሰጣል። ሲያረጅ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል። ገበሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት፣ ከልባሱ አጠገብ ያለው ስለት ላይ ቀይ ዝገት ሲታይ መበስበሱ ጀምሯል ማለት ነው። አብረውት በአንድ ሣጥን የተቀመጡትን ሰንጢዎችም ያበላሻል፤ ስለዚህ አየር በሚያገኝበት ቦታ ለብቻው ይቀመጣል። በቆዳ ማህደር ውስጥ ለዓመታት ማቆየትም ለየትኛውም ሰንጢ መጥፎ ነው፣ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካልና የያዘው እርጥበት ናሱን አረንጓዴ ያደርጉታል።

የተጭበረበረና የተጠገነ

ማኅተም መጀመሪያ የሚነበብ ነገር በመሆኑ መጀመሪያ የሚጭበረበረውም እሱ ነው። ሊታመን የሚገባው የቀረው የሰንጢው አካል ሲስማማበት ብቻ ነው። የርካሽ ሰንጢ ስም ተፍቆ የታዋቂ ስም ሲመታበት የስለቱ ሥር ይሳሳል፤ ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ከሌላው ስለት ሥር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል። ብረቱ በዝገት ተበልቶ ፊደሉ ብቻ ጠርዙ ስል ከሆነ ማኅተሙ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው። ስለት ለመቀየር ዋናው ምስማር መውጣት ስላለበት፣ በጫፍ ብረቱ ላይ አዲስ የመዶሻ ምልክት ወይም ከቀረው ለየት ያለ ክብ ጥላ ይቀራል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ደግሞ የዘመኑ ሙጫ ብዙ ጊዜ ያበራል፤ ልባሱ እንደገና የተለጠፈ ከሆነ በስንጥቁ ዳር ይታያል።

የስለቱ መጠን የሚመዘነው ካልተነካ ተመሳሳይ ሞዴል ፎቶ ጋር በማስተያየት ነው። የጥፍር መክፈቻው ጎድ ወደ ተሳለው ጠርዝ ከቀረበ ስለቱ አልቋል። አንዳንዱ የተሰበረ ጫፍ እንደገና ይሞረድና ሲዘጋ ከእጀታው ብቅ ይላል፤ ይህን ለመደበቅ ከሥሩ ያለው ማቆሚያ ጉብታ ይሞረዳል፣ ያኔ ስለቱ ጠልቆ ገብቶ ሞላውን ይመታል። ጥሩ ሰንጢ ሲከፈትም ሲዘጋም ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ተከፍቶ ወደ ጎን ሲገፋም አይወዛወዝም።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ደረጃው እንዲህ ይነገራል፦ ያልተነካ ማለት እንደ ፋብሪካው ያለና ያልተሳለ ነው። እጅግ ጥሩ የሚባለው ስለቱ ከ10 በመቶ በላይ ያላለቀ፣ በጣም ጥሩ 25 በመቶ አካባቢ፣ መካከለኛ 50 በመቶ ያህል ያለቀ ነው። ከዚያ በታች ያለው ለመለዋወጫ ይሆናል። በማሽን የተወለወለ ሰንጢ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ «ያልተነካ» ሊባል አይገባም፤ የፋብሪካው የመሞረጃ መስመር ጠፍቶ ጠርዞቹ ከለሰለሱ ያስታውቃል። በስለቱ ላይ ያለው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ መከላከያ ስለሆነ ይተዋል። ቀይ ዝገት ግን መቆም አለበት፦ የማዕድን ዘይት ቀብቶ አንድ ቀን ማቆየት፣ ከዚያ በእንጨት ስንጥር ማንሳትና በጨርቅ መጥረግ። መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል።

ዋጋ

ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚቆጠረው የተሸጠበት ነው። ያው ሞዴል፣ ያው ማኅተም፣ ያው እጀታና ያው ደረጃ ያላቸው ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ሽያጮች ካለፈው አንድ ዓመት ተፈልገው መካከለኛው ይወሰዳል። በጨረታ ከተሸጡ የገዢው ኮሚሽን በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱ ይጣራል። አንድ ሰንጢ ከአንድ በላይ ዋጋ እንዳለውም መታወቅ አለበት፦ ነጋዴ ትርፉን ስለሚያስብ ሰብሳቢ ከሚከፍለው በጣም ዝቅ አድርጎ ይገዛል፣ የኢንሹራንስ ግምት ደግሞ መተኪያ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ስለሚያሰላ ከፍ ይላል። የራሱ ካርቶንና ወረቀት ዋጋ ይጨምራሉ፤ በእጀታው ላይ የተቀረጸ የባለቤት ስም፣ ስንጥቅና የላላ ሞላ ይቀንሳሉ። ለመታሰቢያ ተብለው በብዛት የወጡ ሰንጢዎችን በተመለከተ ገዢዎች መጠንቀቅ አለባቸው። ሁሉም ሰው ሳይነካ ስላስቀመጣቸው እጥረት የለም፣ ብዙዎቹም መጀመሪያ ከተሸጡበት ባነሰ ይገኛሉ።

ግምት ለመጠየቅ የሚላክ ፎቶ ሁለቱን ጎን ተዘግቶ፣ ሁለቱን ጎን ስለቶቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ጀርባውን ከነሞላው፣ እንዲሁም እያንዳንዱን ማኅተም በቅርብ ማሳየትና ማስመሪያ አብሮት መያዝ አለበት። ቁልፍ ሲጫኑ በራሱ የሚከፈት ስለት በብዙ አገሮች የተከለከለ ስለሆነ፣ ከመግዛትና በፖስታ ከመላክ በፊት የሁለቱም አገሮች ሕግ ይታያል።