የድሮ ሆረር ያስቃል ትላላችሁ፤ ያያችሁት ግን ፊልሙን ነው?

«የድሮ ሆረር ያስቃል እንጂ አያስፈራም።» ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቤት ይቁጠረው። ሰሞኑን ደግሞ ባሰባት። ክረምቱን ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን የድሮ አስፈሪና ሳይንስ ፊክሽን ፊልሞችን ስናይ ነው የከረምነው። ፊልሙ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው «ኮሜዲ ነው እንዴ?» ይላል። እኔ የምበላው እንጀራ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፤ ፍሬም፣ ማለትም ፊልሙ የተሠራባቸውን ነጠላ ፎቶዎች፣ ስቆርጥና ስቀጥል ነው የምውለው። ስለዚህ ትንሽ ብቆጣ አትፍረዱብኝ። ብዙ ጊዜ የሚያስቃችሁ ፊልሙ አይደለም። የተበላሸ ኮፒ ነው የሚያስቃችሁ።

ትናንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ እንጨርሳቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፍራንከንስታይን ጭራቁ ነው።» አይደለም፣ የፈጠረው ሰውዬ ነው። ጭራቁ ስም የለውም። በ1931ዱ ፊልም መክፈቻ ላይ የተዋናዩ ስም መስፈር በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ነው ያለው።

«ጎባጣው ረዳት ኢጎር።» በዚያ ፊልም ኢጎር የሚባል ሰው የለም። ጎባጣው ፍሪትዝ ይባላል። ኢጎር የመጣው በ1939 በወጣው ሌላ ተከታይ ፊልም ነው፤ እሱም ጎባጣ ሳይሆን ተሰቅሎ ከሞት የተረፈ፣ አንገቱ የተሰበረ ሰው ነው።

«ድራኩላ ክራንቻ አለው።» ቤላ ሉጎሲ በ1931ዱ ድራኩላ አንድም ቦታ ክራንቻ አያሳይም። ከፈለጋችሁ ፍሬም በፍሬም እዩት።

«ቴክሳስ ቼይን ሶ ማሳከር የእውነት ታሪክ ነው፣ ደሙም ለጉድ ነው።» ሁለቱም ልክ አይደሉም። መነሻ የሆነው ኤድ ጊን የሚባል ወንጀለኛ የዊስኮንሲን ሰው ነው፤ ቴክሳስም የለበት፣ የእንጨት መቁረጫ ሞተርም የለበት። ደሙን ደግሞ ብትፈልጉት በጣም ትንሽ ነው። ሌላውን የሞላችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ የዳይሬክተሩ ጉብዝናም እዚያ ላይ ነው።

«ኪንግ ኮንግ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ነው።» የ1933ቱን ማለታችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ዊሊስ ኦብራየንና ባልደረቦቹ ፀጉር የለበሰች ትንሽ አሻንጉሊት ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ፣ ፎቶ በፎቶ የሠሩት ነው። ለፊቱ፣ ለእጁና ለእግሩ ግን ትልልቅ ሞዴሎች ተሠርተዋል። ፊልሙን ስታዩ የኮንግ ደረት ላይ ያለው ፀጉር ንፋስ እንደነካው ሲርመሰመስ ታያላችሁ። ያ የሠሪዎቹ ጣት ነው። አሻንጉሊቷን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ፀጉሯን ይነካሉ፣ አሻራቸው በየፍሬሙ ይቀራል። አንድ ጓደኛዬ ይህን እንደ ጉድለት ነው የቆጠረው። እኔ ግን ያችን ፀጉር ባየሁ ቁጥር ሥራ ላይ «ሲጂው (በኮምፒውተር የሚሠራው ምስል) ለምን ዘገየ?» የሚሉኝ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ።

«ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ሰዎቹ ሁሉ እየተንደረደሩ ነው የሚሄዱት፤ ቀኑና ሌሊቱም አይለይም።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የ1922ቱን ኖስፌራቱ አይተው ነው። ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሙርናው የሠራው የጀርመን ፊልም ነው። የብራም ስቶከርን ድራኩላ የተባለ ልብወለድ ሳያስፈቅዱ፣ ስሞቹን ቀይረው ነው የሠሩት። ድራኩላ ካውንት ኦርሎክ ሆነ። የደራሲው ባለቤት ከሰሰችና በ1925 ፍርድ ቤት ኮፒዎቹ እንዲወድሙ ወሰነ። ውጭ አገር የወጡት ግን ተረፉ፤ ዛሬ የምናየው ከእነሱ የተለቃቀመውን ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ፊልም ከሆነ ቻናል አውርዶ በስልኩ አይቶት ኖሯል። አንድ ቀን ቤት መጥቶ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነገረኝ። ቫምፓየሩ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ከተማ መሀል ቱር ቱር ይላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፀሐይ ነክታው ይሞታል። «ታዲያ ያኔ ለምን አልሞተም?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ባየው ኮፒ ታሪኩ ትርጉም አይሰጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ ውስጥ የሚገባው ፊልም ለብርሃን ያለው ስሜት ደካማ ስለነበር ሌሊት ውጭ መቅረጽ ፈተና ነበር። ስለዚህ የሌሊቱን ትዕይንት በቀን ይቀርጹታል። ከዚያ ለሲኒማ ቤት የሚላከውን ኮፒ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል። ለሌሊት ሰማያዊ፣ ለመብራትና ለቀን ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ለንጋት ሮዝ። የ1922 ተመልካች ሰማያዊ ሲያይ «ሌሊት ነው» ብሎ ያነባል፤ ማንም አያስረዳውም። በኋላ ሰዎች እነዚያን ኮፒዎች በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሲገለብጧቸው ቀለሙ ጠፋ። ሌሊቱም አብሮ ጠፋ። ኦርሎክ ሣጥኑን ይዞ የሚዞረው በድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ቀን ላይ ያወጣው የገለበጠው ሰው ነው። «የድሮ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው» የምትለዋም አባባል በዚሁ አብራ ትውደቅ።

ስለ ፀሐይዋም ልንገራችሁ፦ «ቫምፓየር በፀሐይ ይሞታል» የሚለውን ከጥንት የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በስቶከር መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ፀሐይን ገዳይ ያደረጋት ይህ ፊልም ነው።

ወደ ሩጫው እንምጣ። የያኔው ካሜራ በእጅ የሚዘወር ነበር። ቀራጩ በሰከንድ 16፣ 18፣ 20 ፍሬም፣ እንደ ትዕይንቱ ያዞረዋል። 24 ፍሬም ሕግ የሆነው በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲመጣ ነው፤ ድምፁ ፊልሙ ላይ ስለሚታተም ፍጥነቱ ከተለዋወጠ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። በ18 የተቀረጸውን ምንም ሳታስተካክል በ24 ብታጫውተው የአንድ ሰዓቱ ፊልም በ45 ደቂቃ ያልቃል። ሰዎቹ የሚንደረደሩት ለዚህ ነው። በ1922 በርሊን ውስጥ ሰው እንደዚያ አይራመድም ነበር፤ እንደኛው ነበር የሚራመደው።

እኔን ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ሙርናው አንድ ቦታ ላይ ሆን ብሎ ያፋጠነው ነገር አለ። ወጣቱ ጉዳይ አስፈጻሚ ወደ ኦርሎክ ግንብ ሲሄድ የሚወስደው ሠረገላ ከሰው ፍጥነት ውጭ ነው የሚበረው። ከዚያ ጫካው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ዛፎቹ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር። ከሰዎች ዓለም ወጥተህ ሌላ ዓለም ገባህ ማለቱ ነው። ታዲያ በተበላሸው ኮፒ ሁሉም ሰው የሚሮጥ ከሆነ የሠረገላው ሩጫ ምን ይለየዋል? ሰውየው ያሰበው ነገር ውሃ በላው። ከዚያ «ሠረገላዋ ካርቱን ትመስላለች» ትሉኛላችሁ!

ለአክስቴ ልጅ በትክክለኛው ፍጥነት የተስተካከለውን፣ ቀለሙ የተመለሰለትን ከፈትኩለት። ሠረገላዋ ጋ ትንሽ ሳቀ፤ አልዋሽም። መጨረሻው አካባቢ ግን ሳቁን ትቶ ከፊልሙ ጋር ሙግት ገጠመ። «ሴትዮዋ ምን ሆና ነው መስኮቱን የምትከፍትለት? ዝጊው እንጂ!» እያለ። ዶሮ እስኪጮህ ድረስ ልትይዘው ስለፈለገች ነው ብለው አልሰማኝም።

ሌላው በሽታ አዲሱ ነው። አንድ ሰው የድሮውን ፊልም በኤአይ ቀለም ቀብቶ፣ 60 ፍሬም አድርጎ፣ «በፎርኬ የታደሰ» ብሎ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል። እሱ የታደሰ አይደለም። ኤአዩ በሁለት ፍሬም መሀል ያልነበረ ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል፣ ፊቱን እንደ ሰም ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ተመልካቹ «ምን ዓይነት የውሸት ሜካፕ ነው» ብሎ የሞተውን ሜካፕ ሠሪ ይሰድባል። ስለዚህ ምክሬን ስሙኝ። አንደኛ፣ ርዝመቱን እዩ፤ የታደሰው ኖስፌራቱ 94 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ አንድ ሰዓት ከጥቂት የሚሆነውን አትንኩት። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጎርጉሩ፤ ቀለሙ ከትዕይንት ትዕይንት ካልተቀያየረ ሌላ ፈልጉ። ሦስተኛ፣ አዲስ ቴሌቪዥን ካላችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፉት፤ አሁኑኑ አጥፉት፣ ለድሮ ፊልም ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። አራተኛ፣ ዳታ ለመቆጠብ ትንሿን ፋይል አታውርዱ፤ ጨለማ ትዕይንት መጀመሪያ የሚበላሸው በእሷ ነው፣ ጥቁሩ ሁሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። አምስተኛ፣ በታክሲ ውስጥ በስልክ ሆረር አታዩ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ማን ይፈራል?

«ድሮ ተመልካቹ የዋህ ስለነበር ነው የፈራው» የሚሉም አሉ። በ1896 ፓሪስ ውስጥ የባቡር ፊልም ሲታይ ሰው ከአዳራሹ ሮጦ ወጣ የሚለው ታሪክ በየቦታው ይደገማል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ለዚያ ሩጫ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙለትም። የእኛዎቹም አያቶች አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ብለውታል ተብሎ ይሳቅባቸዋል። ስም ማውጣትና መሸሽ ለየቅል ነው።

ወደ ፍራንከንስታይን ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚያም ኮፒው ነው ያጭበረበረን። ጀምስ ዌል በሠራው በ1931ዱ ፊልም ጭራቁ ሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ ያገኛል። ልጅቷ አትፈራውም። አበባ ትሰጠዋለች፣ ሁለቱም አበባውን ውሃው ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። ጭራቁን የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ እዚህ ጋ ፊቱ ላይ የሚያሳየውን ደስታ እዩልኝ። አበባው ሲያልቅበት ባዶ እጁን ያያል፣ ከዚያ ልጅቷን አንስቶ ይወረውራታል። እንደ አበባው ትንሳፈፋለች ብሎ ነው። ስትሰጥም ደንግጦ ይሄዳል።

ሳንሱሮች ውርወራውን ቆረጡት። ለብዙ ዓመታት ተመልካች ያየው እጁ ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ብቻ ነው፤ ከዚያ አባትየው ሬሳዋን ታቅፎ በከተማው መሀል ሲሄድ። በመሀሉ ምን ሆነ? ሰው የመጣለትን ሁሉ አሰበ። አሰቃቂ ነው ብለው የቆረጡት ቁራጭ ነበር ጭራቁ ክፉ እንዳልሆነ የሚመሰክርለት። በ1980ዎቹ ነው የተመለሰው። «ጭራቁ አውሬ ነው» የሚለው ሰው የቆየውን ኮፒ አይቶ ሊሆን ስለሚችል አልፈርድበትም። አዲሱን አይቶ እንዲህ የሚለውን ግን አላውቅም ምን እንደምለው።

ሜትሮፖሊስም እንዲሁ ነው። «ረጅም ነው፣ ታሪኩ አይገባም» ይባላል። ፍሪትዝ ላንግ በ1927 በርሊን ላይ ካስመረቀው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከባድ መቀስ ገባበት፤ ሰዎቹ ለምን እንደሚጠላሉ የሚያስረዳው ክፍል ሁሉ ተቆርጦ ወጣ። ያሳጠሩት ስለረዘመ ነው፣ የማይገባው ደግሞ ስላጠረ ነው። በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል ኮፒ ተገኘ፤ የተጫጫረ ነው፣ ግን አለ። በ2010 ተጠግኖ ለዕይታ በቃ። ጭረት የበዛባቸውን ቦታዎች ስታዩ አትነጫነጩ፣ እነሱ ናቸው የተገኙት።

«የድሮ ፊልም ሁሉ ነፃ ነው፣ የፈለግከውን አድርገው» ለሚሉ ደግሞ፦ አይደለም። የጆርጅ ሮሜሮ ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ (1968) አሜሪካ ውስጥ ከቅጂ መብት ነፃ የሆነው በዕድሜው አይደለም። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለቤትነት ማስታወቂያውን ከአዲሱ ርዕስ ጋር መጻፍ ስለረሳ ነው። ለዚህ ነው የትም የሚገኘው፣ ለዚህም ነው አብዛኛው ኮፒ ጭቃ የሚመስለው። እግረ መንገዴን፣ የዞምቢ ፊልም ይባል እንጂ በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚል ቃል አንዴም አይነገርም።

በመጨረሻ ጎድዚላ። «የላስቲክ ልብስ የለበሰ ሰው የአሻንጉሊት ከተማ የሚረግጥበት የልጆች ፊልም።» ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑስ እውነት ነው፤ ሀሩዎ ናካጂማ ይባላል፣ ልብሱም ቀልድ የማያውቅ ክብደት ነበረው። ጩኸቱን ደግሞ አቀናባሪው አኪራ ኢፉኩቤ በሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት ኮንትራባስ የተባለ ትልቅ ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ ክር ላይ ጎትቶ ነው ያወጣው። የልጆች ፊልም የሚለው ግን አይሆንም። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ቢኪኒ ደሴት ላይ ባፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ አመድ ላኪ ድራጎን የምትባል የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሠራተኞች ተመረዙ። የኢሺሮ ሆንዳ ፊልም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ወጣ። የሚጀምረው ባሕር ላይ ባለች መርከብና ድንገት በሚፈነዳ ብርሃን ነው። የጃፓን ተመልካች ምን እያየ እንደሆነ ያውቃል። ከተማው ሲነድ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ «አሁን አባታችሁ ጋ እንሄዳለን» የምትልበት ቦታ አለ። እኛ ቤት እዚያ ጋ ስልክ የያዘ ሰው አልነበረም።

ብዙው ሰው ያየው ግን ይህን አይደለም። በ1956 አሜሪካኖቹ ቆራርጠው፣ ሬይመንድ በር የተባለውን ተዋናይ ጋዜጠኛ አድርገው መሀል መሀሉ ላይ ሰክተው ያወጡትን ነው። ስትፈልጉት ርዝመቱን እዩ፤ ጃፓንኛው 96 ደቂቃ ነው። 80 ደቂቃ አካባቢ ከሆነና አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከመጣባችሁ ዝጉትና ሌላውን አውርዱ።