«የመንግሥት ድልድይ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?» ስለ ብስክሌተኞች መዋጮ የሚነገሩ ስህተቶች

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት ይዘን የምንወጣበት አንድ መንገድ አለ። ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ከምበርላንድ ይዘልቃል። 184.5 ማይል ነው፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር። መኪና ዝር አይልበትም። ድሮ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የሚባል የጀልባ መተላለፊያ ነበር። ቁፋሮው በ1828 ተጀመረ፣ በ1850 ከምበርላንድ ደረሰ፣ በ1924 ከጎርፍ በኋላ ሥራ አቆመ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ እኛ የምንነዳበት የአፈር መንገድ በቅሎዎች ጀልባ በገመድ እየጎተቱ የተመላለሱበት ነው።

በመንገዱ ላይ 11 የድንጋይ የውሃ ድልድዮች ተሠርተዋል። የሰውና የበቅሎ መሻገሪያ ብቻ አልነበሩም። ቦዩ ራሱ፣ ውሃውም ጀልባውም፣ ከታች የሚፈሰውን ወንዝ በእነሱ ላይ ይሻገር ነበር። እነዚህ ድልድዮች ሲጎዱ መንገዱን የሚወዱ ሰዎች «እናዋጣ» ይላሉ። ያኔ ከወዳጆቼ አፍ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ።

«ፓርኩ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጠግነው»

ከ1971 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ መሆኑ እውነት ነው። ስህተቱ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ጥገናው በራሱ ጊዜ ይመጣል ማለቱ ላይ ነው።

የካቶክቲንን ድልድይ እንይ። ከጆርጅታውን 51 ማይል ተኩል ያህል ርቀት ላይ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ሦስት ቅስት ያለው ነው። በ1973 ኦክቶበር 31 ቀን ሁለቱ ቅስቶች ተናዱ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ተቀመጠ። ያኔም ባለቤቱ መንግሥት ነበር። ግን በዚህ ሁሉ ርቀት ላይ የሚጠገነው ብዙ ነው፤ ሁሉም ተራ ይጠብቃል።

በኋላ የቦዩ ወዳጆች ለዚህ ድልድይ ብቻ የሚውል ፈንድ አቋቁመው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የሰበሰቡት ድልድዩን መልሶ ለመገንባት የሚበቃ አልነበረም። የዋለው ለቅድመ ሥራው ነው፦ ለምህንድስና ጥናትና ለንድፍ። በ2009 አሜሪካ ኢኮኖሚዋን ለማነቃቃት ትልቅ በጀት ስታወጣ፣ ቅድሚያ የተሰጠው ወዲያው ሥራ ሊጀመርባቸው ለሚችሉ ፕሮጀክቶች ነበር። የካቶክቲን ወረቀት ተዘጋጅቶ ስለነበር ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። በ2011 ኦክቶበር ተመረቀ።

እኔ ለመዋጮ እጄን እንድዘረጋ ያደረገኝ ይህ ታሪክ ነው። ትልቁን ገንዘብ መንግሥት ሰጠ፤ በሩን ያንኳኳው ግን የትንንሽ ሰዎች ብር ነው።

«የኔ 20 ዶላር ምን ትፈይዳለች?»

ይሄን ከሐበሻ አፍ ስሰማ ይገርመኛል። እድር ያሳደገን ሰዎች ነን። እዚህ አገር አንድ ሰው ሲያርፍብን አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ጎፈንድሚ ይከፈታል፤ ሌሊቱን ከየስቴቱ 20፣ 50 እያለ ይሞላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያልነው እኛው ነን። በዚያ ላይ ድጎማ የሚሰጡ አካላት ብዙ ጊዜ «እናንተስ ከራሳችሁ ስንት አምጥታችኋል?» ይላሉ። ያቺ 20 ዶላር የምትቆጠረው እዚያ ጋ ነው።

«መሻገሪያ ካለ ይበቃል፤ ድንጋዩ ለምን?»

ካቶክቲን ላይ ከመጠገኑ በፊት ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ነበር። ብስክሌት ያሻግራል። ታዲያ ለምን ተደከመ?

ድንጋዩ የሰው እጅ ስለያዘ ነው። ከወንዙ የተለቀሙት የወደቁ ድንጋዮች ተጠብቀው ቆይተው፣ በጥገናው ጊዜ ወደ ግንቡ ተመልሰዋል። በብረቱ ላይ ስታልፉ ወንዝ ተሻገራችሁ፤ በቃ። በድንጋዩ ላይ ስታልፉ በአካፋና በባሩድ ዘመን ወንዝ በወንዝ ላይ ያሳለፉ ግንበኞች ምን እንዳሰቡ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከከምበርላንድ በፊት ፖ ፖ የሚባል ዋሻ አለ፤ 3,118 ጫማ ርዝመት አለው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ይዛችሁ፣ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ነው የምታልፉት። በቦዩ በኩል ያለውን የእንጨት መደገፊያ በእጃችሁ ዳስሱት። ገመድ የበላው ስርጉድ አለ፤ ጣት ገባ ይልበታል። ጀልባ ጎታቾቹ በቅሎዎች ከመቶ ዓመት በፊት የተዉት ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተጣለ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

«ብስክሌተኛ አላፊ ነው፤ ታሪኩ አይመለከተውም»

መንገዱ ዛሬ ያለው በአላፊዎች ነው። በ1950ዎቹ ቦዩን የመኪና መንገድ ለማድረግ ታስቦ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 ሐሳቡን የደገፉ የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆችን «ኑ፣ በእግር አብረን እንየው» ብለው ጋበዙ። ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ተጓዙ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ ጋዜጣው ግን አቋሙን አለሳለሰ፣ መንገዱም ተረፈ።

«ገንዘቡ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል?»

ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልስ የለውም የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከግብር ነፃ የሆኑ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አብዛኞቹ በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል የገቢና የወጪ ሪፖርት ለመንግሥት ያስገባሉ፤ ማንም ማየት ይችላል። ከመስጠታችሁ በፊት እዩት። ገንዘባችሁ ለአንድ ድልድይ ብቻ እንዲውል ከፈለጋችሁም ስትሰጡ በጽሑፍ አስቀምጡት።

«አንዴ ከተጠገነ አለቀ»

አላለቀም። ሞኖከሲ በሚባለው ወንዝ ላይ ያለው የውሃ ድልድይ ሰባት ቅስት አለው፤ በ1833 ነው የተጠናቀቀው። በ1972 የአግነስ አውሎ ነፋስ ጎርፍ ክፉኛ ጎዳው። እንዳይናድ በብረትና በእንጨት ታስሮ ቆይቶ፣ ጥገናው ያለቀው በ2005 ነው።

ጎርፍ ውሃ ብቻ ይዞ አይመጣም። ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ይነቅላል። ግንዱ ምሰሶዎቹ ላይ ይጋደማል፣ ሌላው ግንድ ይደረብበታል፣ ውሃው ከኋላ እየተጠራቀመ ግንቡን ይገፋዋል። በደህናው ቀን ደግሞ በድንጋይና በድንጋይ መሀል የበቀለች ችግኝ አለች። ዘንድሮ በመቀስ ትቆረጣለች። ከተረሳች ሥሯ እየወፈረ ድንጋዩን ፈንቅሎ ያወጣዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞኖከሲ ስትደርሱ ብስክሌቱን አቁሙና ወደ ወንዙ ወረድ በሉ። ቅስቶቹን ከሥር ሆናችሁ እዩ። ምሰሶ ላይ የተጋደመ ግንድ ወይም ከግንቡ የወጣ ቅርንጫፍ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ለፓርኩ ላኩ።