ነጭ እንቁላል ሁሉ የሐበሻ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ እንቁላል ስንገዛ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ መልሱን ሳንጠብቅ ቅርፊቱን አይተን እንፈርዳለን። ነጭ ከሆነ የሐበሻ፣ ቡናማ ከሆነ የፈረንጅ። ጓሮዬ ውስጥ የሁለቱንም ዓይነት ዶሮ ስለማረባ ጎረቤቶቼ ብዙ ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ልመልስ።

«ነጩ የሐበሻ ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው፤ ፈካ ያለ ቡናማም አይጠፋም። ሌግሆርን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ ግን እንቁላሏ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ቦቫንስ ብራውን፣ ሎማን ብራውንና ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ደግሞ ቡናማ ይጥላሉ። ስለዚህ ነጭ ስላያችሁ ብቻ የሐበሻ ዋጋ አትክፈሉ። መጠኑ ትንሽ ይረዳል፦ የሐበሻው 40 ግራም፣ የፈረንጁ 60 ግራም አካባቢ ነው። እሱም ቢሆን ያሳስታል። መጣል የጀመረች የፈረንጅ ቄብ መጀመሪያ ላይ ትንንሽ ነው የምትጥለው።

«ቡናማው ኬሚካል አለበት።»

የለበትም። ቀለሙን የምትሠራው ዶሮዋ ራሷ ናት፣ በዘሯ። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ አብዛኛው ሰዓት የሚሄደው ቅርፊቱ ላይ ነው። ቡናማው ቀለም የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው። ቡናማ እንቁላል ስትሰብሩ የቅርፊቱን ውስጥ እዩት፣ ነጣ ብሎ ታገኙታላችሁ። ዶሮዋ ስታረጅ ወይም ስትታመም ቀለሙ ይፈዛል። የምግብነቱ ነገር ግን ከቅርፊቱ ቀለም ጋር አይገናኝም።

«አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ካልሆነ ጥሩ አይደለም።»

የአስኳል ቀለም ከመኖ ነው የሚመጣው። የሐበሻዋ ዶሮ ሣር ቅጠሉን ስትለቅም ስለምትውል አስኳሏ ይደምቃል። የእኛ አገር በቆሎ በብዛት ነጭ ነው፤ ነጭ በቆሎ አስኳል አያቀልምም። እኔ ለቦቫንሶቼ በየቀኑ ጎመንና አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ሰጠሁ። ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው አስኳሉ ተለወጠ። ዶሮዎቹ ያው ናቸው፣ ቅርፊቱም ያው ቡናማ።

«ቡናማ እንቁላል ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

ይህኛው ውስጡ እውነት አለበት፤ ለእኛ ለሐዋሳዎች ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ትርፍራፊ አምጥቶ ለዶሮ የሚሰጥ ሰው አለ። ዶሮ ዓሣ ወይም የጎመን ዘር ፋጉሎ ሲበዛባት፣ ትራይሜቲላሚን የሚባል የዓሣ ሽታ ያለው ነገር ሰውነቷ ውስጥ ይበዛል። አብዛኞቹ ዶሮዎች ያስወግዱታል። አንዳንድ ቡናማ የሚጥሉ ዶሮዎች ግን ይህን የሚያስወግደው ኢንዛይም በዘራቸው ደካማ ስለሆነ ሽታው አስኳል ውስጥ ይገባል። ጥፋቱ የቅርፊቱ አይደለም። ሽታ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ መኖውን ለውጡ።

«ነጭ ላባ ያላት ነጭ ትጥላለች።»

ላባ አይናገርም። ነጭ ላባ ኖሯቸው ቡናማ የሚጥሉ ዝርያዎች አሉ።

«የሐበሻ ዶሮ ቁጡ፣ የፈረንጅ ዶሮ ገራም ናት።»

የፈረንጅ ዶሮ አንድ ዓይነት ጠባይ የላትም። ቦቫንስ ስትገቡ እግር እግራችሁን ትከተላለች። ሌግሆርን ደግሞ በትንሽ ኮሽታ ትበረግጋለች፣ አጥርም ትዘላለች። የሐበሻዋ ንቁ ናት። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ጫጩት ስትይዝ ደግሞ ሰውም አትፈራም። ይህ ክፋት አይደለም፣ እናትነት ነው።

አንዷ የሌላዋን ላባ ስትነቅልም «ክፉ ዘር» ብላችሁ ለቢላ አትቸኩሉ። ቤቱ ጠቧቸው፣ ብርሃኑ በዝቶ ወይም መኖው ፕሮቲንና ጨው አንሶት ሊሆን ይችላል። በሐዋሳ ሙቀት በተለይ ጥላና ውሃ አይጓደልባቸው።

«የፈረንጅ እንቁላል በሐበሻ ዶሮ ቢታቀፍ አይፈለፈልም።»

አውራ ያገኘው ይፈለፈላል፣ በ21 ቀን። እንዲያውም ቦቫንስና ሌግሆርን እምብዛም ስለማያቅፉ የሐበሻዋ ታቅፍላቸዋለች። የሱቁ እንቁላል የማይፈለፈለው ብዙውን ጊዜ አውራ ከሌለበት እርባታ ስለሚመጣ ነው። ልታስታቅፉ ካሰባችሁ አውራ ካለው ጎረቤት ግዙ።