ስር የሰደደ ኢንፍላሜሽን ምንድነው? ኩላሊትንስ ምን ያደርገዋል?

ጣታችሁ ሲቆረጥ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፣ ከዛ በቀናት ውስጥ ይድናል። ኢንፍላሜሽን ወይም ብግነት የሚባለው ይሄ ነው፣ ሰውነት ጀርም የሚገድልበትና የተጎዳውን የሚጠግንበት መንገድ ስለሆነ ያለሱ መኖር አንችልም። ችግሩ ስራውን ጨርሶ አልጠፋ ሲል ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ወይ እንደ ሉፐስ ያለ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ ያለበት ሰው ላይ በትንሽ በትንሹ ለአመታት ይቀጥላል፣ ትኩሳት የለው እብጠት የለው፣ ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ውስጥ ለውስጥ እየተጎዳ ነው።

ኩላሊት ደግሞ ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው። አንዱ ኩላሊት ብቻ በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፣ ስኳሩ ወይ ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የነዚህ ማጣሪያዎች ስስ ደም ስሮች ይጎዳሉ፣ የተጎዱት ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፣ በነሱም ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ፣ የመጡት ደግሞ ራሳቸው ሳይቶካይን ለቀው ሌሎችን ይጠራሉ። ይሄ ካልቆመ መጨረሻው ጠባሳ ነው፣ ጠባሳ ደግሞ ደም አያጣራም። የሞተ ኔፍሮን በአዲስ አይተካም፣ የቀሩት የሱንም ስራ ደርበው ይሰራሉ፣ በጫናው እነሱም ይጎዳሉ። በተጎዳው ማጣሪያ በኩል ወደ ሽንት የሚያመልጠው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም ዝም ብሎ አያልፍም፣ የሚያልፍበትን ቱቦ ሴሎች እያስቆጣ ሌላ ብግነት ያስነሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ነገሩ በተቃራኒውም እንደሚሰራ ነው። ኩላሊት ሲደክም መወገድ የነበረበት ቆሻሻና አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ እሱ ራሱ በመላ ሰውነት ብግነት ይጨምራል፣ ብግነቱ ተመልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል። ብግነቱ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ስለሚያደርግ ደም ለመስራት የሚያስፈልገው አይረን ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ስለዚ የኩላሊት ታማሚ የደም ማነስ የሚይዘው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የደም ስሮችም ይጎዳሉ፣ ለዛም ነው ብዙ የኩላሊት ታማሚዎች ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ሳይደርሱ በልብ በሽታ የሚሞቱት።

እዚህ ጋር እባካችሁ ልብ በሉ። ብግነት ከሆነማ የብግነት መድሃኒት ልውሰድ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን መዋጥ ትልቅ ስህተት ነው!! እነዚህ መድሃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ነገር ይቀንሳሉ፣ የደከመ ኩላሊት ግን ደም የሚያስገባለትን ስር ክፍት አድርጎ የሚይዝለት እሱ ነው፣ ሲቀንስበት ደም ያጥረዋል። በተለይ ኢናላፕሪል ወይ ሎሳርታን የሚባሉትን የግፊት መድሃኒቶች ከሚያሸና መድሃኒት ጋር የሚወስድ ሰው እነዚህን ሲደርብበት ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ብግነቱን በቀጥታ በመድሃኒት ማጥፋትም እንደሚመስለው ቀላል አልሆነም፣ ባርዶክሶሎን የሚባል መድሃኒት ስኳር ባለባቸው የኩላሊት ታማሚዎች ላይ ሲሞከር የልብ ድካም ስላበዛ ጥናቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። እስካሁን በደንብ የሚረዳው ስኳርና ግፊትን መቆጣጠር፣ ሲጋራ ማቆም፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ መድሃኒቶች፣ በቅርብ አመታት ደግሞ መጀመሪያ ለስኳር የተሰሩት እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት ናቸው፣ ሁሉም በሀኪም ትዕዛዝ ማለት ነው።

ስኳር ወይ ግፊት ካለባችሁ ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካ ምርመራ) ብቻ አሰርታችሁ ኖርማል ነው ብላችሁ አትመለሱ፣ ክሬቲኒን እኮ የኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ኖርማል ሊመስል ይችላል። የሽንት አልቡሚንም አሰሩ፣ ሽንት ውስጥ ካለው ክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ ለ1 ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ከ3 ወር በኋላም ካልወረደ ማጣሪያው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ህመም ሳይሰማችሁ ገና በጊዜ ይታያል።