ዘ ፋየርሜን፦ የውኃ ቱቦና መጥረቢያ የያዙ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጌም

«ዘ ፋየርሜን» ሂውማን ኢንተርቴይንመንት የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ለሱፐር ፋሚኮም፣ ማለትም ከጃፓን ውጭ ሱፐር ኒንቴንዶ ተብሎ ለሚታወቀው መጫወቻ፣ ያወጣው የአክሽን ቪዲዮ ጌም ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ለአውሮፓ ገበያም ቀርቧል። በሰሜን አሜሪካ ግን ለሽያጭ አልበቃም፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ኒው ዮርክ ውስጥ መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ሳያስገርም አይቀርም። የዘመኑ አክሽን ጌሞች አብዛኞቹ ለተጫዋቹ ጠመንጃ ወይም ሰይፍ በሚያስጨብጡበት ወቅት ይህኛው የውኃ ቱቦ አስጨበጠው፤ በጠላት ፈንታም ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛመት ቃጠሎ ፊቱ አቆመበት።

ታሪኩ አጭር ነው። ጌሙ ሲሠራ ገና የሩቅ ጊዜ በነበረው እ.ኤ.አ. 2010፣ የገና በዓል በሚከበርበት ምሽት፣ በአንድ የኬሚካል ኩባንያ ሕንፃ ላይ እሳት ይነሣል። ፒት እና ዳኒ የተባሉ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ባልደረቦቻቸው ደግሞ በሬዲዮ አቅጣጫ ይነግሯቸዋል። ሥራው ሰዎችን በማውጣት ብቻ አያበቃም፤ ከሕንፃው ሥር የተከማቸው በቀላሉ የሚፈነዳ ኬሚካል በእሳቱ ከተያዘ መዘዙ ከሕንፃው አልፎ ይሄዳልና።

ጌሙን ከሌሎቹ የሚለየው የእሳቱ ጠባይና የቱቦው አጠቃቀም ነው። ተጫዋቹ ክፍሎቹን ከላይ ወደ ታች እየተመለከተ ፒትን ያንቀሳቅሳል። ፒት በአንደኛው ቁልፍ ውኃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት ይረጫል፤ በሌላው ደግሞ የቱቦውን አፍ ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ያለውን ወለል ያረሰርሳል። ቆሞ የሚንቦገቦገው ነበልባል በመጀመሪያው አረጫጨት ይጠፋል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ የሚመጣው ትንሽ እሳት ግን ከውኃው ሥር ሾልኮ እግር ስለሚደርስ ሁለተኛውን ይጠይቃል። በመቆጣጠሪያው አናት ላይ ያሉት ቁልፎች ፒት ፊቱን ከእሳቱ ሳያዞር ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንዲራመድ ስለሚያስችሉት፣ በጠባብ ኮሪደር ውስጥ እያፈገፈጉ መርጨት ተጫዋቹ ቶሎ ሊለምደው የሚገባ ሙያ ይሆናል። ውኃው አያልቅም። ለጭንቅ ጊዜ የሚወረወሩት የማጥፊያ ቦምቦች ግን ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የሚጠብቀውን ግዙፍ ቃጠሎ እያሰቡ መቆጠብም ግድ ይላል። ከሁሉ የሚያምረው ግን የደረሰበት ጉዳት ሲበዛ ፒት ኃይሉን የሚያገኝበት መንገድ ነው፤ በጭሱ ውስጥ የቀሩ ሰዎችን ሲያድን እርሱም ያገግማል። በዚህም የተነሣ ተጫዋቹ መውጫው ፊቱ እያለ እንኳ አንድ ተጨማሪ በር ለመክፈት ይገፋፋል፤ ሰብዓዊነቱና ስሌቱ ተለያይተው አይታዩም።

በመጀመሪያው ጌም ዳኒን የሚያንቀሳቅሰው ማሽኑ ራሱ ነው። መጥረቢያውን ይዞ ፒትን ይከተላል፣ የተዘጋ በር ይሰብራል፣ አጠገቡ ያለውን ትንሽ እሳት ያጠፋል፤ እሳቱም አይጎዳውም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል እንጂ ትልቅ ብልኃት ነው፤ በማሽን የሚመራ ጓደኛ ያለባቸውን ጌሞች የተጫወተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በየጥጉ እየተቀረቀረ ሞግዚት የሚፈልግ ጓደኛ ከጠላት ይልቅ ያበሳጫል። ዳኒ እንዲህ ያለ ሸክም ስላልሆነ ተጫዋቹ ሳይጨነቅ ሥራ ይከፋፈለዋል። ሆኖም ሁለተኛ መቆጣጠሪያ የያዘ ወንድም ወይም ጎረቤት አጠገቡ ቢቀመጥ ከማየት በቀር የሚሠራው አልነበረም። ይህ ጉድለት የተሟላው እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ለፕሌይስቴሽን በወጣውና «ፒት እና ዳኒ» የሚል ንዑስ ርዕስ በተሰጠው ሁለተኛው ክፍል ነው። ቦታው ወደ መዝናኛ ፓርክ ተዛውሯል፤ ሁለት ሰዎችም በአንድነት መጫወት ይችላሉ፤ አንዱ በቱቦው፣ ሌላው በመጥረቢያው። የሚያሳዝነው ከጃፓን ውጭ በይፋ አለመሸጡ ነው። ሂውማን ኢንተርቴይንመንት በትግል ጌሞቹና እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው «ክሎክ ታወር» በተባለው የአስፈሪ ጌም ይበልጥ ይታወሳል፤ ኩባንያው ራሱ ከስሟል።

እሳትን የጌም ርዕሰ ጉዳይ በማድረግ ግን ቀዳሚው «ዘ ፋየርሜን» አይደለም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው በእጅ በሚያዝ «ፋየር» የተባለ መጫወቻ ላይ፣ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተወጠረ መረብ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ከሚቃጠል ሕንፃ የሚዘሉትን ሰዎች እያነጠሩ ወደ አምቡላንሱ ያደርሳሉ፤ ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው ግን አንድ ተጫዋች ነው። ከ«ዘ ፋየርሜን» ጋር በአንድ ዓመትና ለአንድ ዓይነት መጫወቻ የወጣው የጃሌኮ ኩባንያ «ኢግኒሽን ፋክተር» ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። እዚያ ተጫዋቹ ብቻውን ነው፤ ክብደት እያሰበ መሣሪያ ይመርጣል፤ ሁሉም እሳት በውኃ እንደማይጠፋ፣ የኬሚካልና የኤሌክትሪክ ቃጠሎ የየራሱን ማጥፊያ እንደሚፈልግም ይማራል። በእውነታነቱ ይህኛው ይበልጣል፤ በፍጥነትና በእጅ ቅልጥፍና ግን የፒትና የዳኒ ጌም ይሻላል።

የሁለት ሰው ሥራን ወደ አካል እንቅስቃሴ ያመጣው ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጌም አዳራሾች የሠራው «ብሬቭ ፋየርፋይተርስ» ነው። ተጫዋቾቹ የሚይዙት ቁልፍ ያለው መቆጣጠሪያ ሳይሆን በቱቦ አፍ ቅርጽ የተሠራ እጀታ ሲሆን፣ ጎን ለጎን ቆመው ወደ እሳቱ ያነጣጥራሉ። ጌሙ የሚሠራበት ሂካሩ የተባለው የሴጋ ማሽን የውኃና የነበልባል ምስልን አጥርቶ የማሳየት ልዩ ችሎታ ነበረው፤ በማሽኑ ላይ የተሠሩት ጌሞች ግን በጣም ጥቂት ናቸው። «ብሬቭ ፋየርፋይተርስ» ለቤት መጫወቻ አልተዘጋጀም፤ በመሆኑም በአግባቡ ሊጫወተው የሚሻ ሰው ማሽኑን እስካሁን ያቆየ አዳራሽ መፈለግ ይኖርበታል።